የታይሮይድ ኪኒን ጀመርኩ፤ ከምግብ ምን ልተው?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለወራት ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የፀጉር መርገፍና የሆድ ድርቀት ሲያሠቃየኝ ቆይቶ ተመረመርኩ። ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን፣ ዕጢው ሲያንስ ከፍ የሚለው) 14 ወጣ። ሀሺሞቶ ነው ተባልኩና 75 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ታዘዘልኝ። ስለ ምግብ ስጠይቅ «የተለየ ነገር የለም፣ ያሻሽን ብዪ» ተብዬ ተሸኘሁ። ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ግን ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ መርዝ ናቸው ይላል። ሌላው አኩሪ አተር፣ ሌላው ስንዴ፣ ሌላው ወተት። ዓሣ ብዪ፣ ዓሣ አትብዪ። የተከለከለውን ሁሉ ሳወጣው የቀረኝ ሩዝና ውኃ ነው። እህቴ ደግሞ «ለታይሮይድ ነው» ብላ የባሕር አረም እንክብል ሰጥታኛለች፤ ገና አልከፈትኩትም። ጠዋት ኪኒኔን ከደም ማነስ መድኃኒቴ፣ ከብረት ኪኒኑ ጋር ዋጥ አደርግና ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። በዚያ ላይ ክብደቴ እየጨመረ ነው። ባለሙያ ወይም ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ፣ ምን ልተው? ምን ልብላ?

ንጹሕ ገበታ፦
እህቴ፣ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን) ተዪ፣ ወተት ተዪ፣ ስኳር ተዪ። በሦስት ወር ውስጥ ኪኒኑን ራሱ ትጥይዋለሽ። ሐኪሞች ይህን አይነግሩሽም። እኔ የምጠቀመው ዱቄት አለ፣ ማስፈንጠሪያው ይኸውልሽ፦ [በአወያይ ተወግዷል]

አወያይ፦
የሽያጭ ማስፈንጠሪያ አይፈቀድም። አስተያየቱ ይቆይ፤ መልስ ያለው ይመልስበት። ማንም ሰው እዚህ ባነበበው ተነሥቶ የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቆም።

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ማለዳ፣ እኔን ያስደነገጠኝ የከለከሉሽ ነገር ብዛት ሳይሆን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት። ኪኒንሽን ከብረት ጋር፣ ቡና አስከትለሽ! ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባትይዢ ይህን ያዢ። ብረቱ አንጀትሽ ውስጥ ሌቮታይሮክሲኑን ይይዘውና ከመድኃኒቱ ብዙው ወደ ደምሽ ሳይገባ ይወጣል። ቡናውም በበኩሉ የሚገባውን ይቀንሳል። ከዚያ ሐኪሙ ሲለካሽ ቲኤስኤች አልወርድ ይላል፤ መጠኑን ከፍ ያደርግልሻል። ከወራት በኋላ የብረት ኪኒኑ ሲያልቅ ደግሞ ያው ከፍ ያለው መጠን ሙሉ በሙሉ ይገባና ልብሽ ድው ድው፣ እጅሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ትያለሽ።

ሁለተኛ፣ «ለታይሮይድ የሚሆን ምግብ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስና ሲበዛ፣ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ በጨረር አዮዲን ሊታከም ሲዘጋጅ ምክሩ ይለያያል፤ አንዳንዴም ፍጹም ተቃራኒ ነው። በየገጹ ያየሽው «ብዪ፣ አትብዪ» የተምታታው አንዱ ምክንያት የአንዱ በሽተኛ ምክር ለሌላው ስለሚሰጥ ነው።

ያንቺን ልናገር። በሀሺሞቶ የሰውነት መከላከያ ዕጢውን እያጠቃው ነው። የጎደለሽ ሆርሞን ነው፣ እሱን የሚተካ ምግብ የለም። ምግብ የሚረዳው በሌላ በኩል ነው። ብረት፣ ለምሳሌ። ሆርሞኑን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ ብረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የብረት እጥረት ታይሮይድንም ይጎዳል፣ ድካሙንም ፀጉር መርገፉንም ያብሳል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የደም ማነስሽ ከምን እንደመጣ ተመርምሯል? ታይሮይድ ሲያንስ የወር አበባ ሊበዛ ይችላል፣ ያ አንዱ ነው። ሀሺሞቶ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ የሴሊያክ በሽታ (ግሉተን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት)፣ እንዲሁም የጨጓራን ግድግዳ የሚያጠቃ የመከላከያ መዛባት ከሌላው ሰው በበለጠ ይገኝባቸዋል። ሁለተኛው ብረትንም ቫይታሚን ቢ12ንም ያሳጣል። ሐኪምሽን ጠይቂ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ፦
ሚዛን ባለችው ላይ ልጨምር። አንድ ሰው ሌቮታይሮክሲን፣ ካልሲየምና ብረት በአንድ ከረጢት ይዞ ይወጣል፤ ለያይቶ እንዲውጥ የሚነግረው የለም። ሥራዬ ላይ በየጊዜው የማየው ነው።

ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ቡና፣ ወተት ባይገባበትም፣ ከቁርስ ይቆጠራል። ብረት፣ ካልሲየም፣ ማዕድን ያለበት መልቲቫይታሚን፣ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ሁሉ በ4 ሰዓት ይራቁት። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ግን ሰዓት በመለየት አይፈቱም፤ የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንሱ ኪኒኑ በደንብ አይሟሟም። እነሱን ስትጀምሪም ስታቆሚም ለሐኪምሽ ንገሪ።

ጠዋት ሩጫ ከሆነብሽ ማታ መዋጥ ይቻላል፤ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ። ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ ግን አይሆንም። አንዱን መርጠሽ በዚያው ጽኚ።

ሌላው፣ መድኃኒቱ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ቀን ብትረሺ ዓለም አይገለበጥም። በዚያው ልክ ደግሞ መጠኑ ሲቀየር ውጤቱ ቶሎ ስለማይረጋ ነው ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚቆየው። በሳምንቱ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ብዙ ነው።

ማለዳ፦
ጉድ ነው! ማንም አልነገረኝም። ታዲያ ብረቱን መቼ ልውሰድ? ማታ ይሻላል?

ባለ መድኃኒት ቤቱ፦
ታይሮይዱን ጠዋት የምትወስጂ ከሆነ ብረቱን ከሰዓት ወይም ማታ። ብረቱም ራሱ ሻይና ቡና አይወድም፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ይወዳል። ጨጓራሽን ከነካካሽ ከትንሽ ምግብ ጋር ውሰጂው። ታይሮይዱን ወደ ማታ ካዞርሽው ብረቱን ምሳ ሰዓት አድርጊው።

አባ ጥያቄ፦
ይቅርታ ግን፣ ጥቅል ጎመን ታይሮይድ ይጎዳል የሚለው እኮ ውሸት አይደለም። ትምህርት ቤት ተምረናል። ጎይትሮጅን ይባላል። ለምንድን ነው እዚህ ዝም የተባለው?

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
አባ ጥያቄ፣ ልክ ነህ፣ ከባዶ የተነሣ ወሬ አይደለም። የጎመን ወገን የሆኑት ተክሎች ሲቆረጡና ሲታኘኩ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይለቀቅና ዕጢው አዮዲን እንዳይወስድ ወይም እንዳይጠቀምበት የሚያደርጉ ነገሮችን ይፈጥራል። ጥያቄው ምን ያህል ሲበላ ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ታሪክ አለ፦ የ88 ዓመት አሮጊት ቦክ ቾይ የተባለውን የጎመን ዓይነት ጥሬውን በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ፣ ለበርካታ ወራት ሲበሉ ቆይተው በታይሮይድ እጥረት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። በቀን ኪሎ ተኩል ጥሬ ጎመን! ያ ታሪክ ስለ አንድ ሳህን የበሰለ ጎመን ምንም አይልም። ማብሰል ኢንዛይሙን ያከስመዋል፣ አዮዲን የሚያገኝ ሰው ላይ ደግሞ ተራ መጠን ችግር ሲፈጥር አልታየም። በተለይ ማለዳ፣ ሆርሞኑን በኪኒን እየወሰድሽ ስለሆነ በየቀኑ ጥሬውን ጨምቀሽ እስካልጠጣሽ ድረስ ጎመንሽን ብዪ። ለሆድ ድርቀቱም ይረዳሻል።

እውነተኛው አደጋ ያለው አዮዲን በጎደለበት ቦታ ነው። ካሳቫ በሚገባ ሳይዘፈዘፍ ሲበላ የሚቀረው ሳያናይድ ሰውነት ውስጥ ወደ ታዮሳያኔት ይለወጣል፣ እሱም አዮዲንን ይጋፋል። ምግባቸው በእሱ ላይ በቆመና አዮዲን በማያገኙ ሰዎች ላይ እንቅርት ይበረታል። እዚያም ቢሆን ቀዳሚው መፍትሔ አዮዲኑን ማድረስና ካሳቫውን በደንብ ማዘጋጀት ነው።

አኩሪ አተርም ያው ነው። ኪኒኑ እንዳይገባ ሊያደርግ ስለሚችል ከኪኒኑ ይራቅ፣ ከገበታሽ ግን አይባረር።

ንጹሕ ገበታ፦
ሁሉን ብሉ የምትሉ ከሆነ ባለሙያ ምን ይሠራል? እኔ ግሉተን ትቼ ነው የዳንኩት። ድካሜ ጠፍቷል፣ ሆዴ አይነፋም። ይህንን ማን ይክደኛል?

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ማንም አይክድሽም። ግን ሴሊያክ ተመርምረሽ ነበር? ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሴሊያክ ካለብሽ ግሉተን መተው ያለብሽ ዕድሜ ልክሽን ነው፣ ፍርፋሪም አይፈቀድም፣ ልጆችሽና እህት ወንድሞችሽም መመርመር አለባቸው። ከሌለብሽ ደግሞ ግሉተን መተው የታይሮይድን በሽታ እንደሚያስቆም የሚያሳይ የረባ ማስረጃ የለም። ችግሩ፣ የደሙም የአንጀቱም ምርመራ ትክክል የሚሆነው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። ቀድመሽ ስትተዪው ውጤቱ ንጹሕ ይወጣና ያለብሽን በሽታ ሳታውቂው ትቀሪያለሽ። ስለዚህ ማለዳ፣ ከደም ማነስሽ ጋር አያይዘሽ መጀመሪያ ተመርመሪ፤ መተው ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው።

ሴሊያክ ያለበት ሰው የታይሮይድ ኪኒኑም በደንብ አይገባለትም። አንጀቱ ሲድን የሚያስፈልገው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ምናልባት «ግሉተን ትቼ ዳንኩ» ከሚሉት ጥቂቶቹ ሳያውቁት እነዚህ ይሆኑ ይሆናል።

ንጹሕ ገበታ፦
አልተመረመርኩም። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ፈጣን ልብ፦
ሁላችሁም ስለ ማነስ ታወራላችሁ፤ እኔ የበዛብኝ ነኝ፣ ግሬቭስ። እየበላሁ እከሳ ነበር። ሱሪዬ በቀበቶ ነው የሚያዘው። ጓደኛዬ «ታይሮይድ ነው አይደል፣ አዮዲን ያስፈልግሃል» ብሎ የባሕር አረም ሊያበላኝ ነበር። ለኔስ ምንድን ነው ምክሩ?

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ እንኳን አልበላህ። ዕጢህ ከልክ በላይ እየሠራ ነው፣ አዮዲን ደግሞ ጥሬ ዕቃው ነው። ተራ ጨው ያለበትን ምግብ መፍራት አያስፈልግህም፤ የባሕር አረም፣ የአዮዲን እንክብልና አዮዲን ያለበት የሳል መድኃኒት ግን አይሁኑ። ሲቲ ስካን ከታዘዘልህ በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ብዙ አዮዲን ስላለው ግሬቭስ እንዳለብህ አስቀድመህ ንገር። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮንም እንዲሁ በአዮዲን የተሞላ ነው።

ሆርሞኑ እስኪወርድ ድረስ ሰውነትህ ጡንቻህን ሳይቀር እያቃጠለ ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ጥራጥሬ፣ ወተት በየምግቡ ይኑር፤ በመሐልም ተመገብ። አጥንትም በዚህ ጊዜ ይሳሳል፤ በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ቢቻል ከምግብ፣ ከበቂ ቫይታሚን ዲ ጋር ያስፈልጋል። ቡና የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ስለሚያባብስ ለጊዜው ቀንሰው።

ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙም አይወራም፦ መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር የምግብ ፍላጎት እንደ በፊቱ ሊቀር ይችላል፣ ቃጠሎው ግን ወርዷል። ብዙዎች ከበፊቱ በላይ የሚወፍሩት እዚያ ላይ ነው። ክብደትህ ወደ ድሮው ሲጠጋ ተጨማሪውን መብል መቀነስ ጀምር።

ፈጣን ልብ፦
ዓይኔም ትንሽ አበጥ ብሏል፤ ሴሊኒየም ውሰድ አሉኝ። እሱስ?

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ለቀላል የዓይን ሕመም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውሮፓ ጥናት አለ። 100 ማይክሮግራም ሴሊኒየም በቀን ሁለቴ ለ6 ወር የወሰዱት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ የሚኖሩት ሴሊኒየም አነስ በሚልባቸው አካባቢዎች ስለነበር ሴሊኒየም ለሚበቃው ሰው ያን ያህል ይሠራ እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው። ከዓይን ሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት። የምታጨስ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት እሱን አቁም፤ ሲጋራ የግሬቭስን ዓይን በጣም ያባብሳል።

ለሀሺሞቶ ማስረጃው ደከም ያለ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ በቁጥር ይቀንሳል፤ ሰውየው ግን ይሻለው እንደሆነ ግልጽ አይደለም። የአዋቂ ሰው ፍላጎት በቀን 55 ማይክሮግራም ነው። አንድ ፍሬ የብራዚል ለውዝ ብቻውን ያን ሊሞላ ይችላል፤ በየቀኑ በእፍኝ መብላት ደግሞ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ያበላሻል። ለፀጉር ብሎ ሴሊኒየም የሚያበዛ ሰው ሲያጋጥመኝ ምን እንደምለው ይጠፋኛል።

ማለዳ፦
የእህቴስ የባሕር አረም? ጠርሙሱ ላይ «ታይሮይድን ያጠናክራል» ይላል። አዮዲን ለታይሮይድ ያስፈልጋል እያላችሁ አይደል?

ባለ መድኃኒት ቤቱ፦
አትክፈቺው።

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ይህችን ትንሽ ላብራራት፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ግራ መጋባት ከዚህ ይነሣል።

አዮዲን ያስፈልጋል፣ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ይላል። የመቶ ዓመት ታሪክ አለው፦ ዴቪድ ማሪን በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን ሰጥቶ እንቅርትን መከላከል እንደሚቻል አሳየ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን በ1924 አዮዲን ያለው ጨው ማሰራጨት ጀመሩ። ስሌቱም ቀላል ነው። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለበት ጨው በቀን 5 ግራም ቢበላ 150 ማይክሮግራም ይሆናል። ከዚያ በላይ ጨው አያስፈልግም፤ ደም ግፊት አለ። ሮዝ ጨው፣ የባሕር ጨው የሚባሉት አዮዲን ካልተጨመረባቸው እዚህ ግባ የሚባል አዮዲን የላቸውም። ጨውን በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ራቅ አድርጊ፤ ወጡ ሲወርድ ብትጨምሪው አዮዲኑ በእሳት ብዙም አይባክንም።

ያንቺ ችግር ግን አዮዲን ማጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ዎልፍና ቻይኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ዕጢው ድንገት ብዙ አዮዲን ሲደርሰው ሥራውን ያቆማል። ጤነኛ ዕጢ በቀናት ውስጥ ተላምዶ ይመለሳል። በሀሺሞቶ የተጎዳ ዕጢ ግን ላይመለስ ይችላል፤ የቀረችሽን ጥቂት ሆርሞን ታጫለሽ። ዕጢው ላይ እባጭ ያለበት ሰው ደግሞ በተቃራኒው በአዮዲን ብዛት ሆርሞኑ ሊያሻቅብበት ይችላል። አንዳንድ የባሕር አረም በአንድ ግራም ውስጥ ብቻ ከ1000 ማይክሮግራም በላይ አለው፤ የእንክብሎቹም መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ አይመሳሰልም።

ባለ መድኃኒት ቤቱ፦
«ታይሮይድን ያጠናክራል» በሚሉት ላይ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በገበያ ላይ ያሉ 10 እንዲህ ያሉ ማሟያዎችን መርምሮ 9ኙ ውስጥ ቲ3፣ 5ቱ ውስጥ ደግሞ ቲ4 የተባሉትን የታይሮይድ ሆርሞኖች አገኘ። ሰው «ከዕፅዋት ነው» ብሎ ሳያውቀው ሆርሞን ይወስዳል፣ ይነቃቃል፣ «ተአምር ነው» ይላል። አሽዋጋንዳ የተባለው ዕፅም ሆርሞኑን ከፍ ያደረገባቸው ሰዎች ተዘግበዋል።

እግረ መንገዴን፦ ፀጉርሽ ስለሚረግፍ የፀጉር ቫይታሚን ጀምረሽ ከሆነ ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን እንዳለው እዪ። ባዮቲን ብዙ ላብራቶሪዎች በሚጠቀሙበት ዘዴ ውስጥ ይገባና ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ በሐሰት ያሳያል። ውጤቱን ያየ ሐኪም መድኃኒትሽን ሊቀንስ ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ይቁም።

ጠባሳ፦
እኔ ዕጢዬ በሙሉ ወጥቷል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከንፈሬና የጣቶቼ ጫፍ ሲነዝረኝ ነርቭ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካልሲየሜ ወርዷል። አሁን ካልሲየም በቀን ሦስቴ፣ ካልሲትሪዮል (የቫይታሚን ዲ ዓይነት)፣ ሌቮታይሮክሲን ሁሉም አሉኝ። 4 ሰዓት ራቂ ትላላችሁ፤ ቀኑ አልበቃኝም እኮ!

ባለ መድኃኒት ቤቱ፦
ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው የማታው መንገድ የተፈጠረው። ካልሲየሙን ከቁርስ፣ ከምሳና አመሻሽ ላይ ከምትበዪው እራት ጋር፤ ሌቮታይሮክሲኑን ስትተኚ፣ ከመጨረሻው ካልሲየም 4 ሰዓት ካለፈ። እራትሽ የሚዘገይ ከሆነ ገልብጪው፦ ሌቮታይሮክሲኑ ማለዳ በነቃሽበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ካልሲየም ረፋዱ ላይ። ካልሲየም ካርቦኔት አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ነው፤ ሲትሬት የሆነው ግን ያለ ምግብም ይገባል። በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አንጀት በደንብ ስለማይቀበል ነው የሚከፋፈለው። መንዘሩ ከተመለሰ፣ በተለይ ጡንቻ ከተኮማተረ፣ ነገ አትበዪ፤ በዚያው ቀን ታዪ።

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ማግኒዥየምሽንም አስለኪ። እሱ ሲወርድ ፓራታይሮይድ ሆርሞን (ከታይሮይድ አጠገብ ያሉት፣ በቀዶ ሕክምና ሊጎዱ የሚችሉት ትንንሽ ዕጢዎች የሚያመነጩት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው) በደንብ ስለማይለቀቅና ስለማይሠራ ካልሲየሙ እንቢ ይላል። ኮላ መጠጦች ፎስፌት ስላላቸው ላንቺ አይመከሩም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ የፓራታይሮይድ መብዛት አለብህ ተብዬ ካልሲየሜ ከፍ ብሏል። ወተትና አይብ እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ልክ ነኝ?

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
አባቴ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ ነገሩም ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ደምዎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ያለው ከወተት ብዛት ሳይሆን ሆርሞኑ ከአጥንትዎ ስለሚያወጣው ነው። ከምግብ ሲያንስ ዕጢው ይባስ ይነሣና አጥንትዎን ይበላል። እንደ ማንኛውም ሰው መጠነኛ ወተትና አይብ ይብሉ። ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ኩላሊት ጠጠር እንዳይሠራ። ቫይታሚን ዲ ካነሰዎት ሐኪምዎ በጥንቃቄ ይሙላልዎት። ካልሲየም ኪኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀምሩ።

ጡረተኛው፦
ተባረኪ ልጄ። ቡናዬን በወተት ልመልስ እንግዲህ።

ጨው ወዳዷ፦
የሆርሞን ዕጢዎች በሽታ (ኢንዶክሪን) ከተባለ አዲሰንም ይቆጠር፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ሆርሞን የሚያንሱበት በሽታ ነው። «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ለኔ አይሠራም፤ ጨው የሚያስቀረው ሆርሞን፣ አልዶስተሮን፣ ስለሌለኝ ሶዲየሙን ኩላሊቴ ያፈሰዋል። ሲሞቅና ሲያልበኝ ጨው እጨምራለሁ፣ ሐኪሜም ያውቃል። ሊኮሪስ የሚባለውን ጣፋጭ ሥር ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን መሰበር ስለሚያግድ የመድኃኒቱን መጠን ያዛባል። ለጤነኛ ሰውም ቢሆን ሲበዛ ደም ግፊት ያነሣል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ማስታወክ ከጀመረኝ ግን የጨው ጉዳይ አይደለም፣ ኪኒኑ ሆዴ ስለማይቆይ መርፌ ነው፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሳሮን 3፦
የፒሲኦኤስ (ሆርሞን ተዛብቶ የወር አበባ የሚቃወስበት የእንቁላል ዕጢ ችግር) ሰዎችስ ተረሳን? ካርቦሃይድሬት ጨርሰሽ ተዪ ተብያለሁ።

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ሳሮን፣ ለፒሲኦኤስ ከሌላው በልጦ የተገኘ አንድ የአመጋገብ ዓይነት የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ይህንኑ ይላል። ለዓመታት ልትዘልቂበት የምትችይው ነው የሚሻለው። ክብደት ካለ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የወር አበባን ሊያስተካክል ይችላል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ቢ12 በየጊዜው አስለኪ። ሌላ ክር ብትከፍቺ በሰፊው እንጽፋለን፤ እዚህ የማለዳን ጥያቄ እንዳንውጠው።

አባ ጥያቄ፦
የክብደቱን ማንም አልመለሰላትም።

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
እውነት ነው። ማለዳ፣ ይህ አያስደስትሽም ይሆናል። በታይሮይድ ማነስ ምክንያት ብቻ የሚመጣ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው፣ አብዛኛውም ጨውና ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ሆርሞንሽ ሲስተካከል ያ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው እንደማንኛውም ሰው ክብደት በመብልና በእንቅስቃሴ የሚሠራ ነው። ኪኒኑን ከልክ በላይ በመውሰድ ክብደት መቀነስ የሚሞክሩ አሉ፤ የሚከፍሉት ልባቸውንና አጥንታቸውን ነው። ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሎ ከነበረ ደግሞ ታይሮይዱ ሲስተካከል አብሮ ሊወርድ ስለሚችል ከዚያ በኋላ ድጋሚ ይለካ።

እንግዲህ ምን ልብላ ላልሽው፦ ጎመኑንም፣ ዓሣውንም፣ እንቁላሉንም፣ ወተቱንም፣ ጥራጥሬውንም። አሰር ያለው እህልና ብዙ ውኃ ለድርቀቱ፤ ግን ከኪኒኑ ሰዓት ርቀሽ። ለማርገዝ የምታስቢ ከሆነ አሁኑኑ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የሆርሞን ፍላጎት ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ጀምሮ ስለሚጨምር ክትትሉ ሳይረፍድ መጀመር አለበት።

ጠባሳ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ የጨረር አዮዲን ለሚወስዱ። ለኔ ከሕክምናው በፊት አዮዲን የቀነሰ ምግብ ታዞልኝ ነበር፣ በቀን ከ50 ማይክሮግራም በታች። እኔ ጨው ክልክል መስሎኝ አልጫ ስበላ ከረምኩ። ክልክሉ አዮዲኑ ነው እንጂ ጨውነቱ አይደለም፤ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ይፈቀዳል። ወተት፣ የእንቁላል አስኳልና የባሕር ምግብ ናቸው የሚቀሩት።

ሚዛን (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦
ትክክል። ቆይታውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፣ ለጊዜው ብቻ። ይህን ዝርዝር ነው ሰዎች ከኢንተርኔት አንሥተው ሀሺሞቶ ላለበት ሰው ዕድሜ ልክ የሚያዙት። ማለዳ «ዓሣ አትብዪ፣ ወተት አትብዪ» የተባለችው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ማለዳ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ብረቱን ወደ ምሳ፣ ኪኒኑን ወደ ማታ አዙሬያለሁ፤ ቡናዬ ጠዋት በሰላም ቀጠለ። የሴሊያክና የቢ12 ምርመራም ታዞልኛል። እህቴን አኩርፋ እንዳትቀር እንዴት እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለደም ምርመራ በምሄድበት ዕለት ኪኒኑን ልውሰድ ወይስ አልውሰድ?

ባለ መድኃኒት ቤቱ፦
ቲኤስኤች ብቻ ከሆነ ለውጥ የለውም። ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ያለው ነጻ የታይሮይድ ሆርሞን) አብሮ ከታዘዘ ግን ኪኒኑ በተዋጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ጠዋት የሚወስዱ ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው ነው የሚውጡት። አንቺ ማታ ስለሆነ የዘወትሩን ዋጪና ጠዋት ሂጂ። ሁልጊዜም በተመሳሳይ ሰዓት አስለኪ፤ ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል። የኪኒኑን ሰዓት መቼ እንዳዞርሽው ጽፈሽ ያዢና ለሐኪሙ አሳዪው፤ 6 ሳምንት ሳይሞላ የወጣ ቁጥር የድሮውንና የአዲሱን አወሳሰድ ቀላቅሎ ነው የሚያሳየው።